መሰላሉ፣ ሰማያዊዋ ነጥብ እና የ160 ዓመቱ ዳማ

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ የጭነት መኪና ይነዳል፤ መስመሩ ከዴንቨር ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። በበረዶው ወራት አንድ ቀን ነፋሱ መንገዱን አዘግቶበት፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ላራሚ እና ሮሊንስ በሚባሉት ከተሞች መካከል ቆሞ ሲጠብቅ ፎቶ ላከልኝ። ሜዳ፣ የሽቦ አጥር፣ ከኋላ ደግሞ ብቻውን የቆመ በረዶ የለበሰ ተራራ። ከሥሩ አንዲት መስመር ጽፏል፦ «ይሄ ሁሉ ባዶ መሬት የማነው?»

በኢንተርስቴት 80 የምትመላለሱ ወንድሞችና እኅቶች ተራራውን ታውቁታላችሁ። ኤልክ ማውንቴን ይባላል፤ ከፍታው 3,400 ሜትር ገደማ ነው። ጥያቄውን በአንድ መስመር ልመልስለት ብል አልሆነልኝም። ምክንያቱም ይህቺው ጥያቄ በዚያው ተራራ ላይ አራት አዳኞችን ለፍርድ አቁማ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሳለች። የነገሩ መነሻ ስልክ ላይ የሚጫን አንድ የካርታ አፕ ነው። ወይም ደግሞ መነሻው በ1862 የወጣ የባቡር ሐዲድ ሕግ ነው። ሁለቱንም ማለት ይቻላል። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዳማ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? በቆርኪም ቢሆን። ገበታው ጥቁርና ነጭ ካሬ እየተፈራረቀ የተሞላ ነው። አሁን ገበታውን በሐሳባችሁ ለጥጡት፤ እያንዳንዱ ካሬ አንድ ማይል በአንድ ማይል ይሁን። ጥቁሮቹ ካሬዎች የግለሰብ ናቸው፣ ነጮቹ የመንግሥት። ገበታው ደግሞ በሐዲዱ ግራና ቀኝ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይዘረጋ። ይህን ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ። የደቡብ ዋዮሚንግ የይዞታ ካርታ ሲታይ በእውነት ዳማ ነው። ፈረንጆቹም በራሳቸው ቋንቋ የሚጠሩት በዚያው ስም ነው።

እንዴት እንዲህ ሆነ? ነገሩ የሚጀምረው በ1785 ነው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ተዋግታ ነጻ ወጥታለች፣ ግን ዕዳ አለባት። ገንዘብ የላትም፤ ያላት በምዕራብ በኩል «የኔ ነው» ያለችው ሰፊ መሬት ነው። ኮንግረሱ መሬቱን ለመሸጥ ወሰነ። ለመሸጥ መለካት ያስፈልጋል። ወንዙን፣ ሸንተረሩን፣ የሰውን አሰፋፈር ሳያይ፣ አገሩን በሙሉ በካሬ የሚከፋፍል ሕግ አወጣ። ስድስት ማይል በስድስት ማይል የሆነ ትልቅ ካሬ፣ በውስጡ 36 ትናንሽ ካሬዎች፣ እያንዳንዳቸው 640 ኤከር፤ ወደ 259 ሄክታር ማለት ነው። ቅየሳው በኦሃዮና በፔንሲልቬንያ ወሰን ላይ ተጀምሮ ወደ ምዕራብ ተጓዘ።

የቀያሾቹ መሣሪያ ኮምፓስና ሰንሰለት ነበር። ሰንሰለቱን በ1620 አካባቢ ያስተዋወቀው ኤድመንድ ጉንተር የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው ነው፤ ርዝመቱ 66 ጫማ፣ መቶ ቀለበት ያለው። ሰማንያ ጊዜ ሲዘረጋ አንድ ማይል ይሞላል። የእኛ ሰው ቢያየው ያለ ጥርጥር «ቀላድ» ይለው ነበር። ቀላድ ሲጣል ምን እንደሚከተል ደግሞ የደቡቡን የመሬት ታሪክ ያነበበ ሰው ያውቃል፤ ከገመዱ በፊት ባለመሬት የነበረው ከገመዱ በኋላ ጭሰኛ ሆኖ የተገኘበት አገር ብዙ ነው። በአሜሪካም የሾሾኒ፣ የሻያን፣ የአራፓሆ ሕዝቦች በዚያ ሜዳ ላይ ሲያድኑ ኖረው፣ ሰንሰለቱ ሲመጣ ከገበታው ውጪ ሆኑ። ይህንን ሳይናገሩ «የሕዝብ መሬት» ማለት ትንሽ ያሳፍራል፤ ተናግሬ ልለፍ።

ካሬዎቹ ቁጥር አላቸው፣ አቆጣጠሩም ደስ ይላል። ከሰሜን ምሥራቅ ጥግ 1 ብሎ ይጀምርና ወደ ምዕራብ እስከ 6 ይሄዳል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ በ7 ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ ልክ በሬ እርሻ ጫፍ ደርሶ እንደሚዞረው። በዚህ ዓይነት አንዱን ተጎዶሎ፣ ጎረቤቱን ሙሉ ቁጥር እያደረገ 36 ላይ ያበቃል።

አሁን 1862 ላይ እንድረስ። አሜሪካ እርስ በርሷ እየተዋጋች ነው። አብርሃም ሊንከን በጁላይ 1 የፓሲፊክ ባቡር ሐዲድ ሕግን ፈረመ። አህጉሩን አቋርጦ የሚያልፍ ሐዲድ መሥራት ተፈልጓል፣ በካዝናው ውስጥ ግን ለጦርነቱም የሚበቃ የለም። ስለዚህ ለኩባንያዎቹ ከብድር ዋስትናው ጋር መሬት ተሰጣቸው፤ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያሉት ባለ ተጎዶሎ ቁጥር ካሬዎች። ባለ ሙሉ ቁጥሮቹ መንግሥት ጋር ቀሩ። በ1864 ስጦታው በእጥፍ አድጎ በእያንዳንዱ ጎን 20 ማይል ድረስ ደረሰ። ለምን እያፈራረቁ? ስሌቱ ብልጠት ያለው ይመስል ነበር። ሐዲዱ ሲያልፍ መሬቱ ዋጋ ያወጣል፤ መንግሥት ያስቀራትን ግማሽ በእጥፍ ዋጋ ይሸጥና የሰጠውን ግማሽ ያካክሳል። ኪሳራ የለም። በወረቀት ላይ።

ሐዲዱ በሜይ 10፣ 1869 ዩታ ውስጥ ፕሮሞንቶሪ ላይ ተገጣጠመ። ስሌቱ ግን ዋዮሚንግ ላይ ከሸፈ። አገሩ ደረቅ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ቁጥቋጦ ነው። በዚያው ዓመት፣ በ1862፣ የወጣው ሌላ ሕግ ሰፍሮ ለሚያለማ ሰው 160 ኤከር በነጻ ይሰጥ ነበር። በዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ ደግሞ በ160 ኤከር ቤተሰብ የሚያኖር ከብት አይረባም። ነጮቹን ካሬዎች የፈለገ ሰው ጠፋ። መንግሥት ለጊዜው ያስቀመጣቸው ካሬዎች ለዘለዓለም እጁ ላይ ቀሩ። ዛሬ የሚያስተዳድራቸው በ1946 የተቋቋመው የፌዴራል የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው።

ጥቁሮቹን ካሬዎች ከባቡር ኩባንያው የገዙት ከብት አርቢዎች ግን አንድ ነገር ቶሎ ገባቸው። ጥቁሩን ከያዝክ ነጩን መግዛት አያስፈልግህም። በአራቱም ጎን ያንተ መሬት ከከበበው ማን ይገባበታል? በ1874 ጆሴፍ ግሊደን ባለ እሾሁን ሽቦ የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ። የሕዝቡ መሬት በሰው አጥር ውስጥ ገባ። ጩኸቱ በዛና ኮንግረሱ በ1885 የሕዝብን መሬት ማጠር የሚከለክል ሕግ አወጣ። ይህን ሕግ ያዙልኝ፣ ከ140 ዓመት በኋላ ይመለሳል።

ሕጉ ከወጣ በኋላ ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ብልጥ ዘዴ ተፈጠረ። አጥሩ በሙሉ የቆመው በገዛ መሬት ላይ፣ በጥቁር ካሬዎች ውስጥ ብቻ ነው፤ ግን እንዲህ ተጠማዝዞ ሲያልቅ ወደ 20,000 ኤከር የሚሆን የሕዝብ መሬት ውስጥ አስቀርቷል። «በገዛ መሬቴ ላይ አጠርኩ፣ ምን አጠፋሁ?» ነው ነገሩ። በ1897 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጥሩ ይነሣ አለ። ባለመሬቶቹ ግን በ1979 ተራቸው ደረሰ። መንግሥት ዋዮሚንግ ውስጥ ሕዝቡ ወደ አንድ ሰው ሠራሽ ሐይቅ እንዲደርስ ብሎ በዳማው ላይ የአፈር መንገድ ጠረገ፤ የበግ አርቢ ኩባንያ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ለበግ አርቢው ፈረደ፦ መንግሥት በ1862 መሬቱን ሲሰጥ መተላለፊያ ለራሱ አላስቀረም፣ ዛሬ ቢፈልግ ከፍሎ ይውሰድ።

እንግዲህ ሕጉ እዚህ ላይ ቆመ። ማጠር አይቻልም። መንገድ መጥረግም አይቻልም። በእግሩ የሚሄድ ሰውስ?

ዳማውን እንደገና ተመልከቱት። ሁለት ነጭ ካሬዎች የሚነካኩት በጥግ ብቻ ነው። አራት ካሬዎች የሚገናኙበት ያ ጥግ ነጥብ ነው፣ ነጥብ ደግሞ ስፋት የለውም። ዳማ ላይ ጠጠር በሰያፍ ነው የሚሄደው፤ ከነጭ ወደ ነጭ ሲሻገር ጥቁሩን ነካ ብሎ የሚከስ የለም። ሰው ግን ትከሻ አለው፣ ቦርሳ አለው። አንድ እግሩ እዚህ ነጭ ላይ፣ ሌላው እግሩ እዚያ ነጭ ላይ ቢያርፍ እንኳ ገላው ለአንድ ሰከንድ በሁለቱ ጥቁር ካሬዎች አየር ላይ ያልፋል። አሮጌው የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ መሬት ያለው ሰው እስከ ሰማይ ድረስ አለው ይላል። (ይህን ጽንፍ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1946 ቆርጦታል፤ ያውም በአንድ የሰሜን ካሮላይና ዶሮ አርቢ ጉዳይ፣ የጦር አውሮፕላኖች እያንዣበቡ ዶሮዎቹን በድንጋጤ በጨረሱበት። ለአርቢው ካሳ ተፈርዶለታል፣ «እስከ ሰማይ» የሚለው ግን ቀረ።)

የጥጉ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ቁርጥ ያለ መልስ ሳያገኝ የኖረው ዳኞች ስለሰነፉ አይደለም። እኔ እንደሚገባኝ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ጥጉን የሚያገኘው ሰው አልነበረም።

በወረቀት ካርታ ዘመን የነበረ አዳኝ ምን በእጁ ነበር? የመንግሥት ካርታ ገዝቶ ቀለሙን ያያል፤ ቢጫው የመሬት ቢሮው፣ አረንጓዴው የደን፣ ነጩ የግል። መጠኑ ብዙ ጊዜ አንድ ለመቶ ሺህ ነው፤ በካርታው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ መቶ ሜትር ነው ማለት ነው። የእርሳስ መስመር ራሷ ሃምሳ ሜትር ትወፍራለች። በመሬቱ ላይ ደግሞ ቀያሹ የተከለው ምልክት አለ፤ የተቀረጸ ድንጋይ ወይም ጫፉ የናስ ክዳን የተገጠመለት የብረት ቱቦ፣ በቁጥቋጦ ውስጥ፣ በየማይሉ አንድ። ይህንን የሚያገኘው ባለመሬቱ ወይም ቀያሹ ነው። ከሌላ ግዛት የመጣ አዳኝ አያገኘውም። ስለዚህ አይሞክርም። እውነተኛው አጥር ሽቦው አልነበረም፣ አለማወቁ ነበር። ከአጥሮች ሁሉ ርካሹ ደግሞ እሱ ነው፤ ጥገና አይፈልግም።

ይህን አጥር ያፈረሰው ማንም ለአደን ብሎ ያላሰበው ነገር ነው። በኦክቶበር 1957 ሶቪየቶች ስፑትኒክን ሲያመጥቁ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች፣ ዊልያም ጋየር እና ጆርጅ ዋይፈንባክ፣ የሳተላይቷን ድምፅ መቅዳት ጀመሩ። አምቡላንስ ሲቀርብ ሳይረኑ ቀጥኖ ሲርቅ እንደሚወፍር ሁሉ የሳተላይቷም ምልክት ይለዋወጣል፤ ከዚህ ለውጥ ተነሥተው የት እንዳለች አሰሉ። አለቃቸው ፍራንክ ማክሉር ጥያቄውን ገለበጠው፦ እኛ የት እንዳለን አውቀን ሳተላይቷን ካገኘን፣ ሳተላይቷ የት እንዳለች አውቀን ራሳችንን ማግኘት አንችልም ወይ? ከዚያች ጥያቄ ባለ ኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች የሚጠቀሙበት ትራንዚት የሚባል ሥርዓት ወጣ። ጂፒኤስ በ1973 ታቀደ፣ የመጀመሪያ ሳተላይቱ በ1978 መጠቀች።

አሠራሩን ባጭሩ፦ ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓት ይነግራሉ። ስልካችሁ ከአራት ሳተላይቶች የመጣውን ሰዓት አነጻጽሮ ርቀቱን ያሰላል። ብርሃን በአንድ ሺህኛ ሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ሰዓቱ በጣም በጣም ትክክል መሆን አለበት። ሳተላይቶቹ ስልካችሁን አያዩትም፣ ስልካችሁ ነው እነሱን የሚሰማው። «በሳተላይት እያዩን ነው» የምትሉ ወዳጆቼ ይህቺን ልብ በሉ፤ የሚያያችሁ ስልኩ ውስጥ ያለው አፕ ነው፣ እሱ ላይ እንመጣለን።

በሴፕቴምበር 1983 የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መንገዱን ስቶ ሶቪየት ሰማይ ውስጥ ገባ፤ መትተው ጣሉት፣ 269 ሰው አለቀ። የሬገን መንግሥት ከዚያ በኋላ ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪሎች በነጻ እንደሚከፈት አስታወቀ። ተከፈተም፣ ግን ሆን ተብሎ ተበላሽቶ። የአሜሪካ ጦር ጠላት እንዳይጠቀምበት ብሎ ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ያዛባው ስለነበር ስህተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር። በመቶ ሜትር ስህተት የዳማ ጥግ አይገኝም። ቢል ክሊንተን በሜይ 2000 ይህ ማዛባት እንዲቆም አዘዘ። በአንድ ሌሊት፣ ማንም አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ፣ በዓለም ያሉ የጂፒኤስ መቀበያዎች ሁሉ በብዙ እጥፍ ትክክለኛ ሆነው አደሩ። ስለ ዋዮሚንግ ጥጎች በዚያ ሌሊት ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ግን የቀረ ነገር ነበር። ጂፒኤስ የት እንዳለህ ይነግርሃል፤ በማን መሬት ላይ እንዳለህ አይነግርህም። ይህን የገጣጠመው ሞንታና ውስጥ ሚዙላ የሚኖር ኤሪክ ሲግፍሪድ የሚባል መሐንዲስና አዳኝ ነው። በ2009 የጀመረው ሥራ ቀላል ነበር፦ በየወረዳው የይዞታ መዝገብ ውስጥ ያለውን የመሬት ወሰን ሰብስቦ በእጅ ጂፒኤስ ላይ በሚገባ ትንሽ ቺፕ ላይ መጫን። መዝገቡ ድሮም ለሕዝብ ክፍት ነበር፣ ግን ወረዳ ቢሮ ሄዶ ጠይቆ ነበር የሚታየው። ቆይቶ ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ሆነ፤ ኦን-ኤክስ ይባላል። አፑን ስትከፍቱት ስልካችሁ ላይ መሬቱ ቀለም አለው፣ ወሰኑ መስመር አለው፣ የባለይዞታው ስም ተጽፎበታል፣ እናንተ ደግሞ የምትንቀሳቀስ ሰማያዊ ነጥብ ናችሁ። 1785 እና 1957 እጃችሁ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ኩባንያው በ2022 ባወጣው ቆጠራ በምዕራብ አሜሪካ በጥግ ብቻ የሚደረስበት የሕዝብ መሬት 8.3 ሚሊዮን ኤከር ነው። የጣና ሐይቅን አሥር ጊዜ ገደማ ብትዘረጉት ነው የሚሞላው። ጥጎቹ ደግሞ 27,120 ናቸው። ይህንን ቁጥር ከአፑ በፊት ማንም መቁጠር አይችልም ነበር።

ወደ ኤልክ ማውንቴን እንመለስ። በ2020 ከሚዙሪ የመጡ አዳኞች ተራራው ላይ ያሉትን ነጭ ካሬዎች አፑ ላይ አዩ። ኤልክ የሚባለው ትልቁ አጋዘን እዚያ ሞልቷል። ጥቁሮቹን የያዘው በመድኃኒት ንግድ የበለጸገ የሌላ ግዛት ባለሀብት ነው፣ አይረን ባር ሆልዲንግስ በሚል ኩባንያ ስም። አዳኞቹ በሰማያዊዋ ነጥብ እየተመሩ የመጀመሪያው ጥግ ላይ ሲደርሱ የናሱ ምልክት ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ችካሎች ቆመዋል፣ በሰንሰለት ታስረዋል፣ ሰንሰለቱም ተቆልፏል። በዙሪያው አጥር የለም። በሜዳ መሃል፣ ነጥብ ላይ የተሠራ በር አስቡ። ችካሉን ይዘው ተንጠላጥለው ተሻገሩ።

በ2021 አራት ሆነው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ለዚሁ ጉዳይ የተሠራ የብረት መሰላል ይዘዋል፤ አንዱ እግሩ በዚህ ነጭ፣ ሌላው በዚያ ነጭ ካሬ ላይ ይቆማል። ወጥተው ወረዱ። ችካሉንም አልነኩ፣ የሰው አፈርም አልረገጡ። የይዞታው ሠራተኛ ተከታተላቸው፣ ፖሊስ ተጠራ፣ ተከሰሱ። በኤፕሪል 2022 የካርቦን ወረዳ ጁሪ በነጻ አሰናበታቸው።

ባለሀብቱ ግን በፍትሐ ብሔር ቀጠለ። የጠየቀው ካሳ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አራት ሰዎች በመሰላል ወጥተው ሲወርዱ የ7 ሚሊዮን ጉዳት የሚደርሰው እንዴት ነው? ክርክሩ እንዲህ ነው፦ ሕዝብ በጥግ መግባት ከቻለ የይዞታው ዋጋ ይወርዳል። እውነት ነው፣ ይወርዳል። ግን ይህ ማለት ሲገዛም ሲሸጥም የሕዝቡ ካሬዎች በዋጋው ውስጥ ተቆጥረው ነበር ማለት ነው። ጥቁሩን ከፍሎ ነጩን በምርቃት። ከሳሹ ራሱ ይህን በቁጥር አስልቶ ለፍርድ ቤት ሲያቀርብ ሳይ፣ የተከሳሽ ጠበቃ ይህን ያህል አይረዳም አልኩ።

አሁን ስለ አፑ ያልኳችሁ። አዳኞቹን ጥጉ ድረስ የመራቸው አፕ በችሎት ምስክር ሆኖ ቀረበባቸው። ከአንደኛው ስልክ መዝገብ ውስጥ «ዌይፖይንት 6» የተባለች ምልክት በግል መሬት ላይ ወድቃ ተገኘች። እዚያ ቆሞ ነው ያስቀመጣት፣ ገብቷል ማለት ነው አለ ከሳሽ። አይደለም፣ አፑ ላይ ከሩቅ ሆኖ ጣትን በካርታው ላይ ማሳረፍ ይቻላል አለ ተከሳሽ። እንደሚቻል አፑን የተጠቀመ ሁሉ ያውቃል። የፌዴራሉ ዳኛ ስኮት ስካቭዳል በሜይ 2023 ዋናውን ጉዳይ ለአዳኞቹ ሲፈርዱ፣ የቀረችው ክርክር ይህቺ ነጥብ ብቻ ነበረች። ከዚያ ከሳሽ ራሱ ተዋት። ያም ሆኖ የሚዘነጋ ነገር አይደለም። የት እንዳለህ የሚነግርህ መሣሪያ የት እንደነበርክም ይመዘግባል፤ ለማን እንደሚናገር ደግሞ አንተ አትመርጥም።

በማርች 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አጸና። የሚገርመው ምክንያቱ ነው። በዋዮሚንግ ሕግ ብቻ ቢታይ በአየሩ ላይ ማለፍም ወሰን መጣስ ነው ብሎ ተቀበለ። ነገር ግን የ1885ቱ የአጥር ሕግ ይበልጣል አለ፦ ባለመሬት ሽቦ ባይዘረጋም፣ በክስና በማስፈራራት የሕዝብን መሬት ከዘጋ አጥሯል። የእሾህ ሽቦ ዘመን ሕግ ከስልክ ዘመን ሰዎች ጎን ቆመ። በኦክቶበር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን አልሰማም በማለቱ ውሳኔው በስድስት ግዛቶች ጸንቷል፤ ዋዮሚንግ፣ ኮሎራዶ፣ ዩታ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ካንሳስ እና ኦክላሆማ። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ሰዎች፣ እናንተንም ይመለከታል።

ለባለመሬቶቹ ወገን አንድ ነገር ልበል፣ ፍትሐዊ እንድሆን። ሁሉም ባለ ተራራ ባለሀብት አይደለም። ከአያቱ በወረሰው መሬት ላይ በብድር ከብት የሚያረባ ሰው አለ፤ እንግዳ ሰው በሩን ከፍቶ ትቶበት፣ ከብቱ አውራ ጎዳና ላይ የወጣበት። ድሮ የሚያድን ሰው በሩን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ ልለፍ?» ይለው ነበር፤ ዛሬ ስልኩን አይቶ ዝም ብሎ ያልፋል። ይህ የጠፋ ነገር ነው፣ ማጣቱም ይቆጫል። ግን ድሮ ሲያንኳኳ የነበረው ሰው የራሱን መሬት ለመድረስ ነበር የሚለምነው። ይህንንም አብሮ ማየት ነው።

አፑንም ከመጠን በላይ አላመስግነው። የስልክ ጂፒኤስ በጠራ ሰማይ ሥር እንኳ አምስት ሜትር ገደማ ሊሳሳት ይችላል። በሸለቆና በዛፍ ውስጥ ይብሳል። በስክሪኑ ላይ ያለችው የወሰን መስመርም ከመዝገብ የተቀዳች እንጂ ከመሬቱ የተለካች አይደለችም፤ እሷም ትዛነፋለች። ፍርዱ ደግሞ የሰውን አፈር ሳትነካ ተሻገር ነው የሚለው፤ ነጥብ ላይ ነው የምትሻገረው፣ ነጥብ ስፋት የለውም ብለናል። ስለዚህ ሰማያዊዋ ነጥብ ጥጉ አጠገብ ታደርስህና ትተውሃለች። ከዚያ በኋላ ተንበርክከህ በቁጥቋጦው ውስጥ በእጅህ የምትፈልገው ያንኑ የናስ ክዳን ነው፤ የቀያሹን። አዳኞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የናሱ ምልክት የጠፋበት ወይም ጭራሽ ያልተተከለበት ጥግ ላይ የደረሰ ሰው፣ ፍርዱ ቢኖርም የት እንደሚረግጥ አያውቅም።

ሞንታና ደግሞ በሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሥር ስለሆነች ይህ ፍርድ አይመለከታትም። አፑ የተወለደባት ግዛት ናት፣ በጥግ የተቆለፈ የሕዝብ መሬትም ሞልቷታል። እዚያ ዛሬም መሰላል ይዞ ጥግ ላይ የቆመ ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው ዋዮሚንግ ውስጥ ከሚያየው ጋር አንድ ነው፤ ያው ቀለም፣ ያው መስመር፣ ያችው ነጥብ። ቢሻገር ምን እንደሚደርስበት ግን አፑ ላይ አልተጻፈም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ አሳጥሬ ለመጻፍ ሞከርኩ። ጥቁርና ነጭ ካሬ ሥዬ፣ ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፤ ከሥሩም «ግማሹ ያንተ ነው፤ ግን ዳማ መጫወት ይጠይቃል» አልኩት። የመለሰልኝ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፦ «መንገዱ ተከፈተ፣ እየነዳሁ ነው፣ ስደርስ አነበዋለሁ።»